አባባ ተስፋዬና ረጅሙ ሚናቸው

ስለ ትወና ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መሪ ተዋናዩ ነው። የተዋናይ ችሎታ ግን ከራሱ የራቀ ሰው ሆኖ በማሳመኑም ይለካል። በዚህ መለኪያ ካየነው እንደ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ እንደምንላቸው ሰው፣ ብዙ ዓይነት ሚና የተጫወተ ማግኘት ይከብዳል።

በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። መድረክ ላይ በወጡበት ዘመን ሴት ልጅ ቴአትር መሥራቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሴቶቹን ገፀ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እሳቸውም የሴት ልብስ ለብሰው ተውነዋል። ዛሬ ስንሰማው ያስቀን ይሆናል እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ተመልካች እንዲያምን አረማመዱን፣ አቀማመጡን፣ የድምፁን ቅላፄ ማጥናት ይጠይቃል። በኋላም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር «ኦቴሎ»ንና «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን በመሳሰሉ ተውኔቶች ሠርተዋል። ሙዚቃና ምትሃትም ያውቁበት ነበር።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ያ ሁሉ ልምድ ወደ ልጆች ፕሮግራም ተሸጋገረ። እዚህ ላይ የእኛን ከተማ እንውሰድ። የሐረር ልጅ ጅብን በተረት ብቻ አያውቀውም፤ ማታ ማታ ከጁገል ግንብ አጠገብ ሥጋ ሲበላ በዓይኑ ያየዋል። ቢሆንም አባባ ተስፋዬ ተረት ሲያወሩ የሚመጣው አያ ጅቦ ሌላ ጅብ ነው፤ ይጎመዣል፣ ይሞኛል፣ ይታለላል። ይህን ጅብ የሚፈጥረው የተራኪው ድምፅና ፊት ብቻ ነው። ሴት ሆኖ ለመታየት የሚያስፈልገው ጥበብም ይኸው ነው።

እንደኔ አስተያየት ግን ትልቁ ሚናቸው «አባባ» ራሱ ነው። «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ብለው ሰላምታ ሲሰጡ ቤት ያለው ልጅ መልስ ይሰጣል። ያንን አያት ሆነው እስከ 1998 ዓ.ም.፣ ከ40 ዓመት በላይ ቆዩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉም አገር የተሰናበተው እንደ ገዛ አያቱ ነበር።

ለጋዜጠኝነት ተማሪ እዚህ ውስጥ ትምህርት አለ። የልጆች ፕሮግራም ሲመደብልን «ቀላል ሥራ ነው» እንላለን፤ ድምፃችንን አቅጥነን ማውራት የሚበቃ ይመስለናል። ልጅ ግን ያስመሰለበትን ቶሎ ያውቃል። አባባ ተስፋዬ ለአዋቂ መድረክ የተዘጋጁበትን ሙያ ሳይቀንሱ ነው ለልጅ ያቀረቡት። እኛም ማይክራፎን ፊት ስንቀመጥ ከዚያ ብናንስ ልጆቹን ንቀናቸዋል ማለት ነው።