ስለሚሸጥ ቤት ዝግጅት

ወጣት፦ አባባ፣ የአባታችንን ተዝካር ካወጣን በኋላ ጉለሌ ያለውን ቤት ሸጠን ድርሻ ድርሻችንን እንድንይዝ ሦስታችንም ተስማምተናል። ወንድሜ ለአጭር ፈቃድ መጥቶ ሊመለስ ነው፤ ታናሽ እኅቴም ከቨርጂኒያ መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ ቤቱ ቶሎ እንዲሸጥልን ቀለም ቀቢ ልጠራ አስቤ፣ የትኛው ቀለም ገዢን ይስብ እንደ ሆነ ልጠይቅዎ መጣሁ።

ሽማግሌ፦ ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። የቀለሙን ነገር በስተኋላ እንደርስበታለን። በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ባገለገልሁበት ዘመን ግድግዳው ስለ ደበዘዘ ብቻ ሳይሸጥ የቀረ ቤት አላየሁም፤ ዋጋው ተቆርጦ፣ ገንዘቡም ተዘጋጅቶ ሳለ የአንድ ወራሽ ፊርማ በመጉደሉ፣ ወይም ካርታው በሟች ስም ተቀምጦ በመገኘቱ የፈረሰውን ሽያጭ ግን ደጋግሜ አይቻለሁ። ገዢን የሚያዘገየው ፍርሃት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ጥሪት አሳልፎ ከሰጠ በኋላ ያልታወቀ ወራሽ የፍርድ ቤት እግድ ይዞ እንዳይመጣበት፣ አጥሩም ከወሰን አልፏል ተብሎ እንዳይፈርስበት ይሠጋል። ቤቱ ቶሎ እንዲሸጥለት የሚሻ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ ይህን ሥጋት ከገዢው ልብ ማውጣት ይገባዋል።

ወጣት፦ ካርታው አለ፤ በአባታችን ስም ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች ከሣጥኗ ውስጥ ታኖረው ነበር።

ሽማግሌ፦ መልካም። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ታወጣላችሁ፤ ቤቱ በትዳራቸው ዘመን የተሠራ የጋራ ሀብት ስለ ሆነና እኩሌታው የእናታችሁ ስለ ነበረ፣ የእርሷም የወራሽነት ማስረጃ አብሮ ይውጣ። በዚያ ካርታው ወደ እናንተ ስም ይዛወራል። ውዝፍ ግብር ካለ ይከፈል፤ የውሃውና የመብራቱም ሒሳብ ይጥራ። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ይኸውም በካርታው ላይ የተጻፈው ካሬ አጥሩ ከከበበው ካሬ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ሜትር ይዞ መለካት ነው። በጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ፈቃድ ወጥቶለት ነው የተሠራው?

ወጣት፦ አይመስለኝም። ተከራይም አለበት።

ሽማግሌ፦ እንዲህ ከሆነ ሁለቱንም ለገዢው በመጀመሪያው ቀን ንገሪው። ፈቃድ የሌለውን ክፍል እንደ ሕጋዊ ቤት ቆጥረሽ ዋጋ አታስገቢበት። የተከራዩንም ውል አውጥተሽ አሳዪው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓልና፣ ገዢው ቤቱን ከነሰው ይረከብ ወይም ባዶውን ይረከብ እንደ ሆነ ሳያውቅ አይፈርምም።

ወጣት፦ ለመሆኑ ቦታው ሰፊ በመሆኑ በዚያ ዋጋውን ከፍ ላድርገው?

ሽማግሌ፦ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ ሰው የሚሸጠው በቦታው ላይ የሠራውን ቤት ነው። ቦታው ዋጋውን ከፍ ማድረጉ እሙን ነው፤ ይሁን እንጂ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ ሥርዓት እንዲይዘው ደንግጎ ነበርና፣ እናንተ በውርስ ስትቀበሉት ያልነበረ ወጪ ገዢያችሁን ሊጠብቀው ይችላል። ደንብ ይታደሳልና ዛሬ ያለውን ከክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ገዢው ይህን አስልቶ ዋጋ ቢቀንስ ክፉ ሰው ነው ብለሽ እንዳትቀየሚው።

ወጣት፦ የእኅቴስ ነገር እንዴት ይሁን?

ሽማግሌ፦ ዛሬውኑ መጀመር ያለበት እርሱ ነው። ወንድምሽ እዚህ ሳለ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልናውን ቢሰጥሽ ድካሙ ቀላል ነው፤ እኅትሽ ግን ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን በኩል አስረጋግጣ ትልካለች፣ ሰነዱም እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። በውክልናው ቃል ላይ ደግሞ ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተወካይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ንብረቴን ያስተዳድር የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። ቤቱን እንድትሸጪ፣ ዋጋውን እንድትቀበዪ፣ ስም እንድታዛውሪ ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍ። ስንት ቤተሰብ በዚህች በአንዲት ሐረግ ጉድለት ወረቀቱን ባሕር አሻግሮ መልሷል!

ወጣት፦ እውነቱን ልንገርዎ፤ ቀለሙን ያሰብሁት ክረምት ክረምት ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር እርጥበት ስለሚወጣ፣ እርሱን እንዲሸፍንልኝ ነው።

ሽማግሌ፦ ስለ ነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። ያ ግን ቁስልን ሳያጥቡ በነጠላ እንደ መሸፈን ነው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀለሙ ይነፋል፣ ይላጣል፣ ያየውም ገዢ የቀረውን ቤት ሁሉ ይጠራጠራል። ሕጉም ሻጭ ዐውቆ የሰወረውን ጉድለት በኃላፊነት ያስጠይቀዋል፤ ከሕጉም በላይ፣ አባትሽ በቅን ላብ የሠራውን ቤት በሐሰት ማስረከብ ለኅሊና ይከብዳል። ቤቱ የጭቃ ቤት እንደ መሆኑ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ወይም ዝጎ ተበስቶ፣ ውሃው ከግድግዳው ሥር እየወረደ ጭቃው ከታች ወደ ላይ ይጠጣዋል። አሸንዳውን አስጠርጊ፣ የተበሳውን ቆርቆሮ አስለውጪ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ውሃውን የሚወስድ ቦይ አስቆፍሪ። አሁን ጥቅምት ነውና የበሰበሰው ምርግ ተነሥቶ ግድግዳው በፀሐይና በነፋስ ይድረቅ፤ ከዚያ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበት። ግንበኛው በሲሚንቶ ልለስነው ቢልሽ እሺ አትበዪው፤ በጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይዞ ኋላ ተገምሶ ይወድቃል። ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ የእኅትሽም ወረቀት በመንገድ ላይ ይሆናል።

ወጣት፦ ከዚያ በኋላስ?

ሽማግሌ፦ ከዚያ በኋላ ነጣ ያለ ቀለም ይበቃል። የተሰባበረው ወንበርና የማያገለግለው ዕቃ ይውጣ፣ ገዢው የክፍሉን ስፋት ይይ፤ መስኮቱ ይከፈት፣ የማይዘጋው በር ይጠገን፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይታሰር፣ ሽንት ቤቱ ይጽዳ። ሰው ሊያይ ሲመጣ ዕጣን አታጪሺ፤ ሽታ ልትደብቅ ነው ይላል። የአባትሽ ዳዊትና ሥዕለ አድኅኖው ግን እንግዳ ሳይገባ በክብር ተነሥቶ ከእናንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ የገዢ ዐይን የሚገምተው ነገር አይደለምና።

ወጣት፦ ደላሎች ከወዲሁ ደጅ እየጠኑኝ ነው።

ሽማግሌ፦ አንድ የታመነ ምረጪ። አምስት ደላላ አምስት ዋጋ ይዞ በሰፈሩ ሲዞር የሰማ ገዢ፣ ባለቤቶቹ አልተስማሙም ብሎ ይርቃል። ኮሚሽኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዋጋውን በቅርቡ በሰፈሩ በእውነት በተሸጡት ቤቶች መዝኚው፤ እገሌ ይህን ያህል ተጠይቆበታል የሚለው ወሬ ሚዛን አይሆንም። ግብር ለማሳነስ በውሉ ላይ ያነሰ ዋጋ እንጻፍ የሚልሽ ቢኖር፣ ደላላም ይሁን ገዢ፣ አትስሚው።

ወጣት፦ አንዱ ደላላ ነገ ቀብድ የሚከፍል ሰው ላምጣልሽ ብሎኛል። ልቀበል?

ሽማግሌ፦ አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ውሉን ባይፈጽም ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ባይፈጽም ግን የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። ካርታው በስማችሁ ሳይዛወር፣ የእኅትሽም ውክልና ተመዝግቦ እጅሽ ሳይገባ ቀብድ ብትቀበዪ፣ በአንድ ወረቀት መዘግየት እጥፉን ከድርሻሽ ትከፍያለሽ። ቤቱን ይይ፣ ዋጋውንም ይንገርሽ፤ ገንዘቡን ግን ሁሉ ነገር እስኪሟላ ከእጁ ያቆየው።