ወባ የያዘው ሰው አስተስርዮን መጾም አለበት?

ባለፈው አንዲት እህት ከጎንደር በኢንቦክስ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ያዘው። ኮአርተም ጀምሯል። ነገ ማታ ግን ዮም ኪፑር ይገባል፤ ካልጾምኩ ብሎ አስቸገረን። ምን ይሻላል?»

ወዲያው «አይጹም!» ብዬ መለስኩላት። ምክንያቱን ለሁላችሁም ላስረዳ።

ዮም ኪፑር፣ ቤተ እስራኤላውያን አስተስርዮ የሚሉት፣ የንስሐና የይቅርታ ቀን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ተጀምሮ እስከ ማግስቱ ምሽት፣ 25 ሰዓት ገደማ፣ ምግብም ውሃም የለም። ጤነኛ አዋቂ ይችለዋል። ወባ የያዘው ሰው ግን፦

👉 ትኩሳት፣ ላብና ትውከት የሰውነቱን ውሃ ያሟጥጡታል። የመተማ ሙቀት ሲጨመርበት ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል።

👉 ወባ ራሱ የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ያባብሰዋል።

👉 ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወሰዳል። በደንብ የሚሠራው ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ነው። ከተዘለለ ወባው ሊያገረሽ ይችላል።

«ኃጢአት አይሆንበትም ወይ?» አለችኝ። እኔ ሐኪም እንጂ የሃይማኖት አባት አይደለሁም። ነገር ግን በአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ከጾም ይቀድማል፤ መነሻውም ዘሌዋውያን 18፥5 ነው። ሕይወቱ የሚያሰጋው በሽተኛ መብላቱ ራሱ ትእዛዝ ነው።

ይህን ቆላ ደግሞ ማኅበረሰቡ በሐዘን ያውቀዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በእግር ወደ ሱዳን ሲሻገሩ፣ በመንገድና በመጠለያ ካምፕ ወደ 4,000 ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ረሃብ፣ ጥማትና በሽታ ነው። ታዲያ ዛሬ መድኃኒቱ በእጅ እያለ ለምን ሌላ ሰው ይሙት?

ወንድሟ ለሃይማኖት አባታቸው ደውሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም «ብላ» አሉት። ክኒኑን ከወተት ጋር ውጦ፣ ጸሎቱን በተኛበት አደረሰ።

ለሌሎቻችሁ፦

✅ ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች፣ ከጾሙ በፊት ሐኪም አማክሩ።

✅ ቡና ወዳዶች፣ ከ3 ቀን በፊት ጀምራችሁ ቀንሱ። የጾም ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ከቡና ማቆም ይመጣል።

✅ ስትፈቱ በውሃና በቀላል ምግብ ጀምሩ።

⚠️ መዘባረቅ፣ ራስን መሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የሽንት መጥፋት ከታየ፣ ጾሙን አቋርጣችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የኦርቶዶክስም ሆነ የረመዳን ጿሚ ቤተሰብ ካላችሁ ምክሩ ለእነሱም ይጠቅማል፤ ሼር አድርጉላቸው።