ታብሌት ወይስ ዴስክቶፕ? ለክበባችን የሚበጀው የትኛው ነው?

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ብዙ የወጣት ክበባትን የሚያከራክር ነው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው፣ በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀው ወለቃ ነዋሪ ነኝ። እንደኛ ባለ ሰፈር የአንድ ክበብ አቅም ለአንድ ዕቃ ብቻ ቢበቃ ታብሌት ይግዛ ወይስ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር? ከዋጋው በፊት ከዕቃው ጋር አብሮ የተሠራውን እንወቅ።

1. ኃይል
ታብሌት ባትሪው በውስጡ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ ካልተገዛለት መብራት ሲሄድ ድርግም ይላል፤ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል።

2. ካሜራና ብሉቱዝ
እነዚህ በታብሌት ውስጥ አብረው ይመጣሉ፤ ለዴስክቶፕ ግን ካሜራው ብዙ ጊዜ ለብቻው ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎች መልሶችን የመዘገቡት ብሉቱዝ ባላቸው ታብሌቶች ነበር። ቤት ለቤት ለሚዞር ሰው ዴስክቶፕ ተሸክሞ መሄድ የማይታሰብ ነው!

3. የፊደል ገበታ
የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። አጭር መልእክት በታብሌት ይጻፋል፤ የድራማ ጽሑፍና የግድግዳ ጋዜጣ ለማዘጋጀት ግን የዴስክቶፕ ኪቦርድና ሰፊ ስክሪን ይሻላል።

4. ጥገና
የዴስክቶፕ ሚሞሪ ወይም ሃርድ ዲስክ ቢበላሽ ፈቶ መቀየር ይቻላል። የታብሌት አካላት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው።

5. ምስጢር
ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ታብሌት ሰጥቶ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ካሜራው ተዘግቶ ሳለ ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት። ጎበዞች ናቸው! ለእኛ ግን የሚያስተምረው ሌላም ነገር አለ፤ አንዱ የዘጋውን ሌላው ሊከፍተው ይችላል።

ስለዚህ ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ ያነበበ ወጣት ታሪኩን ሳያጠፋ ታብሌቱን ለጓደኛው ቢያቀብል ምስጢሩ ይወጣል። በዴስክቶፕ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ስምና የይለፍ ቃል መስጠት ይቻላል። ብዙ ታብሌቶች ግን የተሠሩት ለአንድ ባለቤት ታስበው ነው። የዴስክቶፕ ስክሪን ደግሞ ለክፍሉ ሁሉ ስለሚታይ ጀርባው ወደ ሰው እንዲሆን አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

መድኃኒት ለሚወስዱ ወገኖቻችን የታብሌት ማንቂያ ደወል ይጠቅማል፤ የጠፋ ዴስክቶፕ አይደውልም። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በየቀኑ በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ታዲያ ደወሉ ላይ «ሰዓት ደረሰ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ የመድኃኒቱን ስም ምን አመጣው?

እንግዲህ ክበቡ ለቡና ጠጡ ውይይት ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ከሆነ ታብሌት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰው የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ ዴስክቶፕ ይምረጥ እላለሁ። የቱንም ቢመርጥ የይለፍ ቃልና የአጠቃቀም ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ይኑረው።

የመወያያ ጥያቄዎች
• በክበባችሁ ያለውን ዕቃ ስንት ሰው ይጠቀምበታል?
• ተጠቅማችሁ ስትነሡ ምን ምን ታጠፋላችሁ?