ጣቶቻችንን የሚያንቀሳቅሳቸው ማን ነው?

የዛሬው ትምህርት ስለ ክንድና ስለ እጅ ነው። ይህን ርዕስ ለምን እንደመረጥኩት ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

አጥንቶች፦ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው አጥንት 1 ብቻ ነው። ከክርን እስከ እጅ አንጓ 2 አሉ። እጃችን ግን 27 አጥንት አለው፤ 8 አንጓው ላይ፣ 5 መዳፉ ላይ፣ 14 ጣቶቹ ላይ። አውራ ጣት 2 አጥንት ሲኖረው ሌሎቹ ሦስት ሦስት አላቸው። ደምሩና አረጋግጡ!

ጡንቻዎች፦ ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ አንዱ ሲያጥፍ ሌላው ይዘረጋል። ጀሪካን ስናነሳ ከፊት የሚጠጥረው ባይሴፕስ ክርናችንን ያጥፋል፤ ከኋላ ያለው ትራይሴፕስ ይዘረጋል።

አሁን ግራ ክንዳችሁን ከክርን ዝቅ ብላችሁ በቀኝ እጃችሁ ያዙና የግራ ጣቶቻችሁን እጠፉ፣ ዘርጉ። ከሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ተሰማችሁ አይደል? እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ገርሞኛል። ጣት የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ያሉት ጣት ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ ነው። ራቅ ብለን ቆመን ጥጃ በገመድ እንደምንስበው፣ እነሱም ጣቶቻችንን በጅማት ይስባሉ።

ነርቮች፦ ትእዛዙን ከአንጎል የሚያመጡ ሦስት ዋና ነርቮች ናቸው።
1. ራዲያል፦ አንጓንና ጣቶችን ያዘረጋል። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀና አድርጉ፤ ሥራው እሱ ነው።
2. ሚዲያን፦ በአንጓ መሀል ያልፋል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ክብ ስንሠራ የሚያዘው እሱ ነው።
3. አልናር፦ ክርናችን ዴስክ ሲመታን እስከ ትንሿ ጣት ንዝር የሚያደርገን ነው። ጣቶቻችንን እንድንበትንም ያደርጋል።

ጉዳት፦ በአጨዳ ጊዜ ማጭድ እጅ ይቆርጣል። ቁስሉ ትንሽ መስሎ ጣቱ አልታጠፍ ወይም ደንዝዞ ከቀረ ጅማት ወይም ነርቭ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ላይ አፈር ወይም እበት አታድርጉ፤ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ፣ እጁን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሁለተኛው ስብራት ነው። የርዕሴም ምክንያት ይኸው ነው። ታናሽ ወንድሜ ከብት ሲጠብቅ ከሾላ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወጌሻ በቀርከሃ ፍልጥ ጥብቅ አድርጎ አሰረለት። ወጌሻው ሊጎዳው ፈልጎ አይደለም፤ ሁላችንም ሲጠብቅ ቶሎ የሚድን ይመስለን ነበር። ሌሊት ወንድሜ ቀሰቀሰኝና «ጣቴ ደነዘዘ» አለኝ። እኔም «ዝም ብለህ ተኛ» አልኩት። ጠዋት ጣቶቹ አብጠው፣ ቀዝቅዘው አገኘናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይታ ወዲያው አስፈታችውና ወደ ሆስፒታል ተወሰደ።

ለምን እንዲህ ሆነ? የክንድ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። አጥንት ሲሰበር ውስጡ ያብጣል። ከላይ ደግሞ በጥብቅ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ደሙን ያግደዋል። መጀመሪያ ነርቩ ይደነዝዛል። ደም ሳያገኝ 6 ሰዓት ያህል የቆየ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። የሞተ ጡንቻ ጠባሳ ሆኖ ያጥራል፤ ሲያጥር ጅማቱን ይዞ ስለሚስብ ጣቶች ታጥፈው ይቀራሉ። ከዚህም የባሰ አለ፤ በአገራችን በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ብዙ ልጆች አሉ።

ስለዚህ የታሰረ ሰው ካያችሁ እነዚህን ተመልከቱ፦
- ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ በተለይ ጣቱን ሲዘረጉት ካመመው
- ጣቱ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ
- ከደነዘዘ ወይም አልንቀሳቀስ ካለ
አንዱንም ካያችሁ ለሰው ንገሩ፣ እስሩ ይላላ፣ ሳይነጋ ወደ ሐኪም ይሂድ። «ጠዋት እናያለን» አትበሉ።

የወንድሜ እጅ አልተቆረጠም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ጣቶቹ ግን እስካሁን በደንብ አይዘረጉም። ማታ ማታ ጣቶቹን ሳሠራው እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ይዘረጋል።

ጥያቄ፦ ትንሿ ጣቱ የደነዘዘችበት ልጅ የተጎዳው የትኛው ነርቭ ነው? መልሱን ለክበባችን ስጡ።