የጓያ መርዝ ሞለኪውላዊ ቅርጽና የውሃ እጥረት

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ በሚገኘው የሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ላይ ጓያ ክረምቱ ሲያልቅ በቀሪው እርጥበት ይዘራል። ድርቅንም ውሃ የተኛበትን ማሳም ስለሚችል በችግር ዓመት የሚተርፈው ሰብል እርሱ ነው። ለወራት አዘውትረው የሚመገቡትን ሰዎች እግር ሽባ የሚያደርገው ግን በ1964 እ.ኤ.አ. በህንድ ተለይቶ የታወቀው ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ነው።

ኦዳፕ ፕሮቲን አይገነባም፤ ጉዳቱ የሚመነጨው ግሉታሜትን ከመምሰሉ ነው። ሁለቱም ሞለኪውሎች አንድ ነጻ የአሚኖ ቡድንና በየጫፋቸው ሁለት የካርቦክሲል ቡድኖች አሏቸው። ስለዚህ የነርቭ ሕዋስ የግሉታሜት ተቀባይ ፕሮቲን ኦዳፕንም ይቀበላል፤ ሕዋሱ ከልክ በላይ ተነቃቅቶ ይጎዳል።

እነዚሁ ቡድኖች በውሃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዙ ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል፤ ከእንፋሎት ጋር ግን አይተንም። በአንዳንድ ጓያ አብቃይ አካባቢዎች ሽባነቱን ጓያ ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት የሚያሳብበው እምነት ከዚህ ባሕርይ ጋር አይስማማም። የሚረዳው ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ነው። መቁላት ከፊሉን ብቻ መርዛማነቱ ወዳነሰው አልፋ ኦዳፕ ይለውጣል።

ይሁንና ጓያ ዋና ምግብ የሚሆነው ውሃም ማገዶም በጠፋበት ድርቅ ነው፤ ድርቁ ራሱም በፍሬው ውስጥ ያለውን ኦዳፕ ሊያሳድግ ይችላል። በዚህ ጊዜ የመዘፍዘፍ ምክር ብቻውን አያዋጣም። ጓያን ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ቀላቅሎ መፍጨት ተጨማሪ ውሃ ሳይጠይቅ የኦዳፕን ድርሻ ይቀንሳል፤ ለጓያ የሚያንሰውን ሜታዮኒንም ያክላል።