ለልደት ትርኢት የሚሆን ዘውድ በእጅ ስለ መሥራት

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችንን «ዘውድ ሳሉ» ብንላቸው ብዙዎቹ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ የወረቀት ቀለበት ይስላሉ፤ ባደጉበት አገር ያዩት እርሱን ነውና። የአገራችን ዘውድ ግን መልኩ ሌላ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደውን፣ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን የወርቅ ዘውድ ፎቶግራፍ የተመለከተ ሰው፣ ደርብ በደርብ ሆኖ ወደ ላይ እንደሚወጣና ጉልላት እንዳለው ያያል። የሐዋርያትና የወንጌላውያን ሥዕል ተቀርጾበታል። እኛ ሄሮድስ በሚደፋው የትርኢት ዘውድ ላይ ቅዱሳት ሥዕላትን አናደርግም፤ አበባና ሐረግ ይበቃል።

ለሥራው የሚስማማው ኢ.ቪ.ኤ. የተባለው ፎም ነው። የጫማ ሶል የሚሠራበት ዓይነት ሲሆን በእጅ ሥራ ዕቃ መደብር በሉህ ይሸጣል። ቆርቆሮ ግንባር ይቆርጣል፤ ካርቶን በላብ ይልማል፤ ፎም ግን እጅግ ቀላል በመሆኑ ሕፃኑ ትርኢቱ እስኪፈጸም ሳይሰለች ይሸከመዋል።

ለቀለበቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ለጌጡ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይመረጣል። በመጀመሪያ የልጁን ራስ ዙሪያ ለክቶ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መጨመር ነው፤ ፎሙ ሲጠቀለል ውስጡ ይጠባልና። ራሱ 52 ቢሆን 53 ተኩል ይቆረጣል። ጉልላቱ ከ8 ቅጠል መሰል ቁራጮች ይገጠማል። የእያንዳንዱ ግርጌ የቀለበቱ ርዝመት አንድ ስምንተኛ ነው፤ ጎኑም ወደ ውጭ ቆልመም ብሎ ወደ ጫፉ ይሾላል። ጎኑ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ጉልላት ሳይሆን ሹል ቆብ ይወጣል። ስለዚህ አስቀድሞ በወረቀት መሞከር ይበጃል።

የተቆረጠው ሁሉ ከመጣበቁ በፊት በሙቅ አየር መንፊያ ይሞቃል። መንፊያውን ሳያቆሙ እያንቀሳቀሱ፣ ፎሙ ጥቂት ሲያብረቀርቅ በእጅ ጎበጥ አድርጎ እስኪቀዘቅዝ መያዝ ነው፤ በዚያው ቅርጽ ይቀራል። የሐረጉን መስመር በምላጭ ግማሽ ጥልቀት ሰንጥቀው ቢያሞቁት ስንጥቁ ራሱ ይከፈታል፤ የተቀረጸ ወርቅም ይመስላል።

ማጣበቂያው ጫማ ሰሪ የሚጠቀምበት ማስቲሽ ነው። በሁለቱም ፊት ተቀብቶ፣ ደርቆ ጣት ላይ መያዝ እስኪያቆም ድረስ ተጠብቆ ይገጠማል፤ አንዴ ከተያያዘ አይላቀቅምና አስተካክሎ ማስቀመጥ ያሻል። ሽታው ይጎዳል፣ እሳትም ይይዛል፤ በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ ከሙቅ አየር መንፊያው ርቆ፣ በአዋቂ እጅ ብቻ ይሠራ። ልጆቹ ቀጭኑን ፎም በመቀስ ይቁረጡ፤ ቀለሙም የእነርሱ ድርሻ ይሁን።

ከቀለሙ በፊት ያለውን ሥራ ማንም እንዳይዘልለው አደራ። ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ዘውድ በጥድፊያ ቀለም ቀባው፤ ፎሙም ቀለሙን እንደ ደረቅ መሬት ጠጣ፤ የተረፈውም በትርኢቱ መካከል ተሰነጣጥቆ በሕፃኑ ነጠላ ላይ ረገፈ። ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥኖ፣ እያደረቁ ሦስት ጊዜ መቀባት ፎሙን ይደፍነዋል። ከዚያ ጥቁር ወይም ቡናማ አክሪሊክ ቀለም ሁሉን ይሸፍን። ወርቃማው የሚከተለው በደረቅ ብሩሽ፣ ከፍ ከፍ ባለው ጌጥ ላይ ብቻ ነው፤ ጥቁሩ በስንጥቁ ውስጥ ሲቀር ዘውዱ ያረጀ ወርቅ ይመስላል።

ለከርሞ የሚቀመጠው በውስጡ ወረቀት ተጠቅጥቆበት በካርቶን ነው። በበጋ በመኪና ውስጥ የተረሳ ዘውድ ሙቀቱ ቅርጹን ያጠፋበታል።