ሕፃኑ ሲዘገይ እኛ አንዘግይ

ከልደት እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ዕድገታቸው ለሚዘገይ ሕፃናት ሊደረግ ስለሚገባው ርዳታ የቀረበ ትምህርት

ስለ ውሃ ንጽሕና፥ ስለ መጸዳጃ ቤትና ዝንብን ስለ ማጥፋት ደጋግመን ተናግረናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከነዚህ የማያንስ ሲሆን፥ በየቤቱ ተሸሽጎ ስለሚኖር ብዙ ጊዜ አይነገርለትም። ይኸውም በጊዜው ያልተቀመጠ፥ በጊዜው ያልቆመ፥ በጊዜው አፉን ያልፈታ ሕፃን ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲታይ ጎረቤት የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ተዉት፥ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ አባቱም እንዲሁ የዘገየ ነበር» ይባላል። ምክሩ ከደግነት የመጣ መሆኑን እናውቃለን፤ አንዳንድ ጊዜም እውነት ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን እውነት ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ስለ ሆነ፥ ሕፃኑን ሳያስመረምሩ በዚህ ብቻ መጽናናት አይገባም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ

በአምባ ጊዮርጊስ በአንድ የገበያ ቀን አንዲት አያት ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆናትን የልጅ ልጃቸውን በአንቀልባ አዝለው ወደ እኛ መጡ። የመጡትም ለራሳቸው ሳል መድኃኒት ፈልገው እንጂ ስለ ሕፃኗ አልነበረም። ሕፃኗ ከጀርባቸው ሳትወርድ ብዙ በመቆየቷ፥ «እማማ፥ ይህች ልጅ ትሄዳለች?» ብለን ጠየቅናቸው። «አይ ልጄ፥ ገና ናት፤ አፏንም አልፈታች። እግዜር በፈቀደው ቀን ትነሣለች» ሲሉ መለሱልን።

ሕፃኗን አውርደን ብንመረምራት ከሁለቱም ጆሮዎቿ መግል ይወጣ ነበር፤ ከበስተኋላዋ ብናጨበጭብም ዞር አትልም። እግሮቿ እንደ እንጨት የደረቁ ነበሩ። ስለ ልደቷ ስንጠይቅ፥ እናቷ ሁለት ቀን ምጥ ላይ እንደ ቆየችና ሕፃኗ እንደ ተወለደች ወዲያው እንዳላለቀሰች ተነገረን። እንግዲህ ለመሄድ የዘገየችው በልደት ጊዜ አየር አጥሯት አንጎሏ በመጎዳቱ፥ ለመናገር የዘገየችው ደግሞ ባለመስማቷ ነበር። ጆሮዋ መምገል የጀመረው በስምንት ወሯ ነው፤ ስለዚህ ሃያ ወር በከንቱ አልፏል።

ወደ ጎንደር ልከናት ጆሮዋ ታከመ፤ ለቤተሰቧም በየቀኑ የሚያሠሯት እንቅስቃሴና ጨዋታ ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ግድግዳ ይዛ መራመድና አያቷን መጥራት ቻለች። እግሯ ግን እስከ ዛሬ ይጎትታል። አያቲቱ በኋላ፥ «ያን ቀን ሳል ባይዘኝ ኖሮስ?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

በቶሎ መርዳት ለምን ያስፈልጋል?

ሕፃን ሲወለድ የአንጎሉ መጠን ከአዋቂ ሰው አንጎል ሩብ ያህል ነው፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ሦስት አራተኛ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ የሚሰማው ቃል፥ የሚያየው ፊትና የሚጨብጠው ዕቃ ሁሉ በአንጎሉ ውስጥ ያሉትን የነርቭ መስመሮች ያጠነክራል፤ ሥራ ያላገኙት መስመሮች ግን እየከሰሙ ይሄዳሉ። የወገራ ገበሬ የገብሱን የዘር ወራት እንደማያሳልፍ ሁሉ፥ የሕፃንም የዘር ወራት አለው። ከዚያ በኋላ መርዳት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ድካሙ ይበዛል፥ ፍሬው ያንሳል ማለት እንጂ።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሥራ በጃማይካ ደሴት በኪንግስተን ከተማ ተደርጓል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ፥ በምግብ እጦት የቀነጨሩ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ 129 ሕፃናት ተመርጠው፥ ከነርሱ ለከፊሎቹ የመንደር ጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ እቤታቸው እየሄዱ እናቶችን ከልጃቸው ጋራ መጫወትን አስተማሩ። መጫወቻዎቹ በቤት ካለ ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ትምህርቱም ሁለት ዓመት ቆየ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ በጨዋታ የተረዱት ካልተረዱት ይልቅ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። በአሜሪካም በዚያው በ1986 የወጣ ሕግ ከልደት እስከ 3 ዓመት ያሉ የዘገዩ ሕፃናትን ለመርዳት በየክፍለ ግዛቱ አገልግሎት እንዲቋቋም መንገድ ከፍቷል። ከጃማይካው ሥራ የምንማረው ግን ለዚህ ርዳታ ትልቅ ሕንፃ የግድ እንዳልሆነ ነው።

ወላጆች የሚመለከቷቸው ምልክቶች

ሕፃናት ሁሉ በአንድ ቀን አይራመዱም። የዓለም የጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ያደረገው ጥናት ጤናሞች ሕፃናት ያለ ድጋፍ መቀመጥን ከ4 እስከ 9 ወር ገደማ፥ ብቻቸውን መሄድን ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ እንደሚጀምሩ ያሳያል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፉት የጊዜ ወሰኖች ሲያልፉ ሕፃኑን ማስመርመር ይገባል።

ሀ/ በ3 ወሩ ለሰው ፈገግታ ፈገግ ብሎ የማይመልስ፤
ለ/ በ4 ወሩ ሲያቅፉት አንገቱን ማቅናት የማይችል፤
ሐ/ በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፤
መ/ በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፥ ወይም «ባባ» «ማማ» የመሰለ ድምፅ የማያሰማ፤
ሠ/ በ18 ወሩ ብቻውን የማይሄድ፥ ወይም አንድም ቃል የማይናገር፤
ረ/ በ24 ወሩ «ውሃ ስጪኝ» እንደ ማለት ሁለት ቃል የማያገናኝ።

ከወራቱ አስቀድሞ የተወለደ ሕፃን ዕድሜው መቆጠር ያለበት ሊወለድ ይገባው ከነበረው ቀን ጀምሮ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ያውቀው የነበረውን ንግግር ወይም እንቅስቃሴ የተወ ሕፃን በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት።

የመዘግየት ምክንያቶች

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የምጥ መርዘምና የአየር ማጠር፥ ከወራቱ በፊት መወለድ፥ በተወለደ በጥቂት ቀን የወፍ በሽታ ይዞት እጅግ ቢጫ መሆን፥ ማጅራት ገትር፥ የጆሮና የዐይን በሽታ፥ የምግብ እጦት፥ እንዲሁም እንደ ዳውን ሲንድሮም ያለ ከፅንስ አብሮ የሚመጣ ሁኔታ ይገኝበታል። በደጋው አገራችን በተለይ ልናስብበት የሚገባው አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። እርጉዝ ሴት አዮዲን ሲያጥራት በራሷ ላይ እንቅርት፥ በፅንሱ ላይ የአእምሮ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ይህ ጨው በክዳን ተዘግቶ፥ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ይህ ሁሉ እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አለመሆኑን አጥብቀን እንናገራለን። ጠበል የሚወስዱ ወላጆችን አንከለክልም፤ ጠበሉ ምርመራውን አያስቀር እንላለን እንጂ። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ግን ለንግግር አንዳች አይረዱም፤ ደም ያፈሳሉ፥ ቁስልም ያመረቅዛሉ። ልጅን በሐፍረት መሸሸግም እንደዚሁ ጎጂ ነው። በአዲስ አበባ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የመጀመሪያ የሆነውን ጆይ ማእከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ነበሩ።

በቤት የሚደረግ ርዳታ

1ኛ/ የወገራ ብርድ ስለሚጠና ሕፃን በአንቀልባ መታዘሉ መልካም ነው፤ ሙቀትም ፍቅርም ያገኝበታል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የታዘለ ሕፃን አንገቱንና ክንዱን አያሠራም። ስለዚህ ነቅቶ ሳለ በቀን ጥቂት ጊዜ በንጹሕ አጎዛ ላይ፥ ከምድጃና ከጢስ ርቆ፥ እናቱ ፊት ለፊቱ ሆና በደረቱ ይተኛ።

2ኛ/ እናት እንጀራ ስትጋግርም ቡና ስትቆላም የምትሠራውን እየነገረች ታነጋግረው። እሱ ድምፅ ሲያሰማ ዝም ብላ ታድምጠው፥ ከዚያም ትመልስለት። እሹሩሩ ማለትና ፊትን በነጠላ ሸፍኖ መግለጥ ትምህርት ነው።

3ኛ/ ከጨርቅ የተሠራ ኳስ፥ የእንጨት ማንኪያና ንጹሕ ጣሳ በቂ መጫወቻ ናቸው። ባቄላ፥ ቆርኪና አዝራር ግን ያንቁታልና አይሰጡ።

4ኛ/ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ ከእንቁላል፥ ከባቄላ ዱቄት፥ ከድንችና ከጎመን ጋራ ይሰጠው።

5ኛ/ እግሩ ወይም እጁ የደረቀውን ሕፃን ባለሙያ ያሳየውን እንቅስቃሴ በቀስታ ያሠሩት እንጂ በኀይል አይጎትቱት፥ ወጌሻም አይሹት።

ወዴት መሄድ ይገባል?

ለዚህ ሥራ ብቻ የቆመ ማእከል በየወረዳው የለም፤ የመጀመሪያው በር ግን ቅርብ ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ሕፃን ሲያስከትቡና ሲያስመዝኑ «ልጄ ይሰማልን? በጊዜው ነውን?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። ጤና ጣቢያው ጆሮውን፥ ዐይኑንና ምግቡን ይመረምራል፤ ሲያስፈልግም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይልካል። በዚያ የሕፃናት ሐኪሞችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ትምህርትም በአገራችን በአዲስ አበባና በገጠር ተሞክሯል።

ባለሙያ ወደ ቤት መሄዱ በአውራጃችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኑን፥ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽሕና ባለሙያውን በአንድነት ወደ መንደር እንዲወጡ ያሠለጥን ነበር። ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ያለችውን የኮሶዬን ቤተሰቦች ጤና፥ የኮሌጁ ዲን የነበሩት ዶክተር ዴኒስ ካርልሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ አጥንተዋል።

ለመምህራን

መምህር ሆይ፥ በሰባት ዓመቱ «አይሰማም፥ አይገባውም» የምትለው ተማሪ በሁለት ዓመቱ ሊረዳ ይችል የነበረ ልጅ ሊሆን ይችላል። የእርሱን ጊዜ መመለስ ባንችልም የታናሹን ማትረፍ እንችላለን። ተማሪዎችህን ስለ ታናናሾቻቸው ጠይቅ፤ በወላጆች ስብሰባም ከላይ ያሉትን ምልክቶች አንብብላቸው። የዘገየውን ልጅ «ደደብ» አትበለው፤ ከፊት አስቀምጠው፥ ፊቱን እያየህ ተናገር፥ ጆሮውንም አስመርምር።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1/ ያቺ ሕፃን ለመናገርና ለመሄድ የዘገየችበት ምክንያት ምንና ምን ነበር?
2/ በ12 ወርና በ18 ወር የትኞቹን ምልክቶች እንመለከታለን?
3/ አዮዲን ያለበትን ጨው እንዴት እናስቀምጣለን? መቼስ እንጨምራለን?
4/ በሰፈራችሁ ከጀርባ ያልወረደ ሕፃን አለን? ነገ ለማን ትነግራላችሁ?